ከመጠለያ በቀቀን መውሰድ፦ ወጪው፣ ዝግጅቱና የመጀመሪያዎቹ ወራት ቅደም ተከተል

በቀቀን ከመጠለያ ወስደው በሦስተኛው ወር የሚመልሱ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። አብዛኞቹ ወፉን ከልባቸው ወደውት ነው የወሰዱት። የተሳሳቱት ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ ወፉ ይመጣል። ከዚያ ኬጅ ይፈለጋል። ከዚያ ሐኪም ይፈለጋል። ከዚያ ጎረቤት በር ያንኳኳል። በዚህ መመሪያ ውስጥ ወፉ ቤት የሚገባው በ7ኛው ደረጃ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያሉትን ስድስቱን አትዝለሉ።

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከመጠለያ የወሰድኩት አፍሪካዊ ግራጫ በቀቀን ነው፤ ሲመጣ 19 ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ዋጋዎቹ በዶላር ናቸው፣ ምሳሌዎቹም በብዛት ከግራጫ ጋር የተያያዙ ናቸው። ትንሽ ወፍ ለምትወስዱ ወጪው ይቀንሳል፤ ሥራው ግን ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ቤቱና ቤተሰቡ ይስማሙ

1. የኪራይ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። «የቤት እንስሳ ይፈቀዳል» ማለት ብዙ ጊዜ ውሻና ድመት ማለት ነው። ወፍ መፈቀዱን በጽሑፍ አስመልሱ። አከራዩ በስልክ «ችግር የለም» ቢላችሁ ኢሜይል ጻፉለትና መልሱን አስቀምጡ።

2. ግድግዳችሁ ስስ ከሆነ ኮካቱና ማካው የሚባሉትን ጯሂ በቀቀኖች አታስቡ። ጩኸታቸው ፎቅ ያቋርጣል። ግራጫ ከእነሱ ይሻላል፤ ዝም የሚል ግን አይምሰላችሁ።

3. ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ግራጫ፣ ኮካቱና ኮካቲየል (ትንሽ ባለ ጉትዬ በቀቀን) አትውሰዱ። እነዚህ ሦስቱ ከላባቸው ነጭ ብናኝ ያራግፋሉ። ጥቁር ቴሌቪዥን በሁለት ቀን ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ጥርጣሬ ካላችሁ መጠለያው ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀምጣችሁ ሞክሩት።

4. ዕድሜውን ቁጠሩ። ባጂ የሚባለው ትንሹ በቀቀን ከ5 እስከ 10 ዓመት ይኖራል። ኮካቲየል ከ15 እስከ 20። ኮኑር ከ20 እስከ 30። ግራጫ፣ አማዞንና ኮካቱ ከ40 እስከ 60 ዓመት ሊዘልቁ ይችላሉ። አሁን 8 ዓመት የሆናት ልጃችሁ ኮሌጅ ጨርሳ፣ አግብታ፣ ወልዳ ወፉ እዚያው ሊሆን ይችላል። «ለልጆቹ ነው» ብላችሁ አትውሰዱ። የሚንከባከበው አዋቂ ሰው በስሙ ይታወቅ።

5. የየግዛታችሁን ሕግ እዩ። ለምሳሌ ኩዌከር የሚባለው አረንጓዴ በቀቀን በካሊፎርኒያና በፔንሲልቬንያ የተከለከለ ነው።

ደረጃ 2፦ ገንዘቡን ወረቀት ላይ አስቀምጡ

ሰው የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ የመውሰጃ ክፍያውን ነው። እሱ ከሁሉም ትንሹ ነው። እኔ በምኖርበት አካባቢ ለግራጫ የማስበው እንዲህ ነው፤ በእናንተ ከተማ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል።

ወፉ ከመግባቱ በፊትና በመጀመሪያው ወር አንድ ጊዜ የሚወጣ፦

- የመጠለያው ክፍያ፦ ከ300 እስከ 600 ዶላር
- ኬጅ፦ ከ400 እስከ 800 (አንዳንድ መጠለያ ኬጁን አብሮ ይሰጣል፤ ጠይቁ)
- የመጀመሪያ ምርመራ ከነላቦራቶሪው፦ ከ250 እስከ 500
- ሄፓ (ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ወንፊት) ያለው የአየር ማጣሪያ፦ ከ150 እስከ 200
- ማረፊያ እንጨትና መጫወቻ፦ ከ100 እስከ 150
- የመጓጓዣ ሣጥን፦ ከ50 እስከ 100
- በግራም የሚመዝን ሚዛን፦ ከ20 እስከ 30

ድምሩ ከ1,270 እስከ 2,380 ዶላር ይመጣል።

በየወሩ ደግሞ፦ ፔሌት (በእንክብል መልክ የተዘጋጀ የወፍ ምግብ) እና አትክልት ከ40 እስከ 60፣ መጫወቻ ከ30 እስከ 50፣ ለዓመታዊ ምርመራ የሚቀመጥ 25፣ ለድንገተኛ ሕክምና የሚቀመጥ 50። በወር ከ145 እስከ 185 ዶላር ማለት ነው። መጫወቻ ላይ «በየወሩ?» ብላችሁ እንዳትገረሙ። በቀቀን መጫወቻን የሚጫወተው አኝኮ በመጨረስ ነው። የሚያኝከው ካጣ ላባውን መንቀል ሊጀምር ይችላል። ካርቶን፣ ቀለም የሌለው ወረቀትና ያልታከመ እንጨት ቤት ውስጥ ካዘጋጃችሁ ወጪው በግማሽ ይወርዳል።

አሁን ብዙ ሐበሻ የሚረሳውን ጨምሩ። አገር ቤት ስትሄዱ ወፉን ማን ይይዛል? አስተማማኝ ማቆያ በቀን ከ20 እስከ 30 ዶላር ያስከፍላል። ለ30 ቀን ከ600 እስከ 900 ነው። የአውሮፕላን ትኬት ስታስቡ ይህንንም አብራችሁ አስቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ለድንገተኛ ሕክምና ቢያንስ 1,500 ዶላር ሳትይዙ አትውሰዱ። ወፍ በሌሊት ሲታመም ሐኪም ቤቱ ክፍያውን ቀድሞ ይጠይቃል። ገንዘቡ ከሌላችሁ ስድስት ወር አጠራቅሙ። መጠለያ ውስጥ የሚጠብቅ በቀቀን ያኔም አይጠፋም።

ደረጃ 3፦ ሐኪሙን አስቀድማችሁ ያዙ

1. የወፍ ሐኪም ፈልጉ። የውሻና የድመት ሐኪም አይበቃም። የወፍ ሐኪሞች ማኅበር የሆነው አሶሲዬሽን ኦፍ ኤቪያን ቬተሪናሪያንስ ድረ ገጹ ላይ ሐኪም በአካባቢ መፈለጊያ አለው።

2. ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። በሳምንት ስንት በቀቀን ያያሉ? ከሰዓት ውጭ የሚቀበል ማን ነው? የመጀመሪያ ምርመራ ከደም ምርመራ ጋር ስንት ነው?

3. ቀጠሮውን ወፉ በሚመጣበት ሳምንት ላይ አስይዙ።

እኔ የመጀመሪያውን ጊዜ ቅርብ ስለሆነ ብቻ ወደ አንድ ተራ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። «ጤነኛ ነው» ተባልኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የወፍ ሐኪም ስታየው የካልሲየሙ መጠን ዝቅ ብሎ ነበር። ግራጫ በቀቀን በዚህ ይታወቃል፤ ሲብስበት እንደሚጥል በሽታ ያንቀጠቅጠዋል። የደም ምርመራ ካልተደረገ በዓይን አይታይም።

ደረጃ 4፦ የቤታችሁን አየር አስተካክሉ

እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ። ሐበሻ ቤት ውስጥ በቀቀን የሚያልቀው በዚህ ነውና።

የወፍ መተንፈሻ ከእኛ የተለየ ነው። ከሳንባው ሌላ የአየር ከረጢቶች አሉት። አየሩን ከእኛ እጅግ በተሻለ ይጠቀምበታል። መርዙንም እንደዚያው።

*የማያጣብቅ ዕቃ።* ቴፍሎንና መሰል ሽፋን ያለው መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ለእኛ አይታይም፣ ብዙ ጊዜ አይሸትም። ወፍን ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ባዶ መጥበሻ እሳት ላይ መርሳት ይበቃል። ሌላ ክፍል መሆኑ አያድነውም። እንዲህ አድርጉ፦

1. መጥበሻዎቹን ሁሉ አውጡና ለዩ። በማይዝግ ብረት ወይም ሽፋን በሌለው የብረት ዕቃ ተኩ።
2. ምጣዳችሁን ተመልከቱ። አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጡት የኤሌክትሪክ ምጣዶች የማያጣብቅ ሽፋን ያላቸው አሉ። እንጀራ ደግሞ የሚጋገረው በከፍተኛ ሙቀት ነው። ሽፋን ያለው ከሆነ ቤት ውስጥ መጋገር አቁሙ፤ ጋራዥ ወይም ውጭ አውጡት፣ አለዚያም ቀይሩት።
3. ኤር ፍራየር፣ የክፍል ማሞቂያና የፀጉር ማድረቂያም ይህ ሽፋን ሊኖራቸው ይችላል። አምራቹን ጠይቁ። ካልመለሰላችሁ ወፉ ባለበት ቤት አትጠቀሙበት።
4. የምድጃውን ራሱን በራሱ የሚያጸዳበትን ቁልፍ ፈጽሞ አትንኩ። በእጅ እጠቡት።

*ቡናና ዕጣን።* ቡና ሲቆላ የሚወጣው ጭስ፣ ዕጣን፣ ሰንደል፣ ከርቤ፣ ሽታ ያለው ሻማ፣ የሚረጭ ሽቶ ሁሉ የወፉን መተንፈሻ ይጎዳሉ። ከሰል ቤት ውስጥ ማቀጣጠል ለእናንተም አደገኛ ነው። ቡናችሁን ተዉ አልልም። ቦታውን ቀይሩ። በረንዳ ላይ ወይም ጋራዥ በር ላይ ቁሉ፣ ወይም የተቆላ ግዙ። አፍልቶ መጠጣቱ ችግር የለውም። ዕጣኑን ውጭ አጭሱ።

እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ይህ ነገር አልገባትም ነበር። «ቡና በረንዳ ላይ የሚቆላው ለወፍ ተብሎ ነው?» አለችኝ። አልተከራከርኳትም። ኬጁ አጠገብ አስቀመጥኳትና ሲተነፍስ አሳየኋት። ጅራቱ ጸጥ ብሎ ነበር። «ጅራቱ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ካለ መተንፈስ አቅቶታል ማለት ነው፣ እማዬ» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቁያውን ከማንሳቷ በፊት «በሩ ተዘግቷል?» ብላ የምትጮኸው እሷ ሆነች።

ካጠፋችሁ፦ ጭስ ወይም የተቃጠለ መጥበሻ ካለ መጀመሪያ ወፉን ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጡ። መስኮት መክፈቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ ወይም ጅራቱ ከተወዛወዘ ወዲያው ወደ ሐኪም። «ትንሽ ይረፍ» አትበሉ።

ደረጃ 5፦ ኬጁን ትከሉ

1. ለግራጫ ቢያንስ 90 በ60 ሴንቲ ሜትር ወለልና 120 ቁመት ያስፈልጋል። በሽቦዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ለባጂና ለኮካቲየል 1.3 ያህል። ክፍተቱ ከሰፋ ጭንቅላቱን ያስገባና ይያዛል።
2. አሮጌ ኬጅ ስትገዙ ቀለሙ የተላጠውን ወይም የዛገውን አትውሰዱ። እርሳስና ዚንክ ይመርዘዋል።
3. አንዱን ጎን ከግድግዳ አስጠጉት። በአራቱም በኩል ክፍት ከሆነ ወፉ መደበቂያ ያጣል። ወጥ ቤት ውስጥ አታስቀምጡት።
4. ውፍረታቸው የተለያየ ማረፊያ እንጨቶች ስቀሉ። ከኬጁ ጋር የሚመጣው ልሙጥ ዱላ ብቻውን እግሩን ያቆስለዋል።
5. ክፍሉን ዙሩ። የጣሪያ ማራገቢያ ጠፍቶ ይቆይ። የመጸዳጃ ክዳን ይዘጋ። መስኮቱ ላይ ወንፊት ይኑር። ድመት ካላችሁ በአንድ ክፍል ውስጥ አንድ ላይ አይኑሩ፤ ለደቂቃም ቢሆን።

ደረጃ 6፦ መጠለያውንና ወፉን ምረጡ

«ግራጫ በቀቀን በነፃ፣ የማጓጓዣውን ብቻ ክፈሉ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ዝለሉት። ማጭበርበር ነው። መጀመሪያ ማጓጓዣ፣ ከዚያ ኢንሹራንስ፣ ከዚያ ልዩ ሣጥን እያሉ ያስከፍሏችኋል። ወፍ የለም። በዓይናችሁ ላላያችሁት ወፍ አንድ ዶላር አትላኩ።

ትክክለኛ መጠለያ እናንተንም ይመረምራል። ማመልከቻ ያስሞላል፣ ብዙ ጊዜ ትምህርት ያስወስዳል፣ ቤታችሁን መጥቶ ያያል። ይህን እንደ ንቀት አትቁጠሩት። በእኛ አካባቢ ፊኒክስ ላንዲንግ የሚባለው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በሰሜን ካሮላይና ይሠራል። ኮሎራዶ ውስጥ ጋብርኤል ፋውንዴሽን አለ።

ወፉን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሄዳችሁ እዩት። እነዚህንም ጠይቁ፦

- ስንት ቤት ኖሯል? ለምን ተመለሰ?
- ምን ይበላል? እንደ ሱፍና ኦቾሎኒ ያለ ፍሬ ብቻ ነው?
- የሚፈራው ሰው ወይም ነገር አለ? ወንድ? ባርኔጣ? መጥረጊያ?
- ለፕሲታኮሲስ (ወደ ሰውም የሚተላለፍ የወፍ በሽታ)፣ ለላባና ምንቁር በሽታ፣ ለቦርናቫይረስ (የወፍን ነርቭና የምግብ መፍጫ የሚያጠቃ ቫይረስ) ተመርምሯል? ወረቀቱን አሳዩኝ።
- ላባውን ይነቅላል? ከመቼ ጀምሮ?

ላባ መንቀሉን ብቻ አይታችሁ አትሽሹ። አንዳንዱ ልማድ ሆኖበት ዕድሜ ልኩን ይነቅላል፣ ግን ይበላል፣ ይጫወታል፣ ሰው ይወዳል። የምትቀበሉት እንዲህ ሆኖ ሊቀር እንደሚችል አምናችሁ ይሁን።

ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ። አብዛኛው ውል ወፉን መሸጥ፣ ማራባትና ለሌላ ሰው መስጠት ይከለክላል፤ ካልቻላችሁ ወደ መጠለያው መመለስ አለበት ይላል። ይህ አንቀጽ ለእናንተም ጥበቃ ነው።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ሳምንት

1. ሲመጣ የለመደውን ምግብ፣ የለመደውን ዕቃ አብራችሁ ውሰዱ። ስሙን አትቀይሩ።
2. ወደ ኬጁ አስገቡትና ተዉት። ቀኑን ሙሉ እጃችሁን አታስገቡ። ዘመድ አዝማድ «እንኳን ደስ አላችሁ» ሊል እንዳይመጣ ለሳምንት አቆዩት።
3. አጠገቡ ተቀምጣችሁ ዝቅ ባለ ድምፅ አንብቡ ወይም አውሩ። አማርኛ ይሁን። ቋንቋችሁን የሚለምደው እንዲህ ነው።
4. በየሌሊቱ ከ10 እስከ 12 ሰዓት የሚረዝም ጨለማና ጸጥታ ይኑረው።
5. ሌላ ወፍ ካላችሁ ለ45 ቀን በተለየ ክፍል ይቆይ። መጀመሪያ የድሮውን መግቡ፣ ከዚያ አዲሱን፣ ከዚያ እጅ ታጠቡ።
6. ጠዋት ጠዋት፣ ምግብ ከመብላቱ በፊት መዝኑት። ሚዛኑ ላይ ማረፊያ እንጨት አስሩበት። ቁጥሩን ማስታወሻ ላይ ጻፉ። ይህን ልማድ በሕይወቱ ሙሉ አታቁሙ።

ግራጫዬ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ከቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ፣ ጥርት ባለ የአሮጊት ድምፅ «አር ዩ ሆም?» አለ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ክው አልኩ። የድሮ አሳዳሪው ድምፅ ነበር፤ ከሥራ የሚመለስ ሰው ስትጠብቅ የምትለው ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ዓይነት ነገር ስትሰሙ አትሳቁበት፣ ዝምም አትበሉት። መልሱለት። እኔ «ቤት ነኝ» እላለሁ። አሁን ሁለቱንም ራሱ ይላል፣ ጥያቄውን በእሷ ድምፅ፣ መልሱን በእኔ።

ካልበላ፦ የመጀመሪያው ቀን ትንሽ መብላቱ የተለመደ ነው። 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልበላ ሐኪም ደውሉ።

ደረጃ 8፦ ምግቡን ቀስ ብላችሁ ለውጡ

ከመጠለያ የሚመጡ ብዙ በቀቀኖች ያደጉት በሱፍና በኦቾሎኒ ነው። ቅባት ይበዛዋል፣ ቫይታሚን ኤና ካልሲየም ያንሰዋል። ግቡ ከምግቡ ግማሽ በላይ ፔሌት፣ የቀረው በብዛት አትክልት፣ ፍሬው ደግሞ ለሽልማት ብቻ እንዲሆን ነው። ሃሪሰንስና ራውዲቡሽ ከሚታወቁት ፔሌቶች ናቸው።

1. ጤነኛ መሆኑ በሐኪም ሳይረጋገጥ አትጀምሩ።
2. በመጀመሪያው ሳምንት ፔሌቱን በሌላ ሳህን አጠገቡ አስቀምጡ። ፍሬውን አትቀንሱ።
3. ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ፍሬውን በጠዋትና በማታ ብቻ ስጡ። ቀን ላይ ፔሌቱና አትክልቱ ይቆይለት።
4. በየሳምንቱ ፍሬውን በጥቂቱ ቀንሱ። ሁለት ወር ቢፈጅ አትጨነቁ። ዓመት የሚፈጅበትም አለ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ሲርበው ይበላል» የሚለውን አትስሙ። በቀቀን የማያውቀውን ነገር ምግብ መሆኑን ላያውቅ ይችላል፤ አጠገቡ ተቀምጦ ይራባል። ክብደቱ ከመነሻው 10 በመቶ ከቀነሰ አቁሙና ሐኪም ጋር ሂዱ። የእኔው ሲጀምር 468 ግራም ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን 441 ሆነ። ገና ገደቡ ላይ አልደረሰም ነበር፤ እኔ ግን ፈራሁ። ወደ ፍሬው መለስኩትና ከሳምንት በኋላ እንደገና ጀመርኩ። የረዳኝ ነገር ይህ ነው፦ ፔሌቱን እኔ ራሴ ፊቱ ቆርጠም አድርጌ «እምም» አልኩ። አንገቱን አስግጎ አየኝ። ከእጄ ነጥቆ ወሰደ፣ ጣለው። በማግስቱ ግን አልጣለውም። በቀቀን የሚበላው ጓደኞቹ ሲበሉ ያየውን ነው፤ አሁን ጓደኛው እናንተ ናችሁ።

ከቤታችን ማዕድ ምን ይበላል? ጎመን፣ ጥሬውን፣ ሳይቀቀልና ዘይት ሳይነካው። ካሮት። የተቀቀለ ስኳር ድንችና ዱባ፣ ያለ ጨው። ቃሪያ ከነፍሬው፤ ወፍ ማቃጠሉ አይሰማውም። ወጥ ግን አይቀምስም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨውና ቅቤ አለበት። በርበሬውም ውስጥ ብዙ ጊዜ ሽንኩርትና ጨው ይገባል።

ፈጽሞ የማይሰጥ፦ አቮካዶ፣ ቸኮሌት፣ ቡና፣ ሻይ፣ ጠላና ማንኛውም አልኮል፣ በፖም ውስጥ ያለው ዘር። አቮካዶን እደግመዋለሁ። ሰላጣ ላይ ያለውም፣ ጁስ ውስጥ ያለውም ይገድላል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን አስታውቁ። «ትንሽ ላጉርሰው» የሚል ሰው አይጠፋምና ወፉ ከኬጁ አይውጣ።

ደረጃ 9፦ ጩኸትና ንክሻ

ጠዋትና ማታ ለጥቂት ደቂቃ መጮኹ ተፈጥሮው ነው። አታስቆሙትም። ሌላው ጩኸት ብዙ ጊዜ «የት ናችሁ?» የሚል ጥሪ ነው።

1. ከክፍል ስትወጡ አንድ የተወሰነ ፉጨት ምረጡ። ሲጠራችሁ በፉጨት መልሱ።
2. እየጮኸ ሳለ አትሩጡ፣ አትቆጡ፣ ጨርቅ አትጣሉበት። የእናንተ ጩኸት ለእሱ ጨዋታ ነው።
3. ለአምስት ሰከንድ ዝም ሲል ግቡና አመስግኑት። ከዚያ አሥር ሰከንድ ጠብቁ። እንዲህ እያላችሁ አርዝሙት።

ንክሻ ሲመጣ ቀድሞ ምልክት አለ። የዓይኑ ጥቁር ክብ ሲጠብና ሲሰፋ፣ የአንገቱ ላባ ሲቆም፣ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ተዉት። እጅ ላይ እንዲወጣ «ስቴፕ አፕ» የሚለውን ቃል ብዙዎቹ ያውቃሉ። እምቢ ካለ አታስገድዱት። ከነከሳችሁ እጃችሁን አታራግፉ፤ ሊጎዳ ይችላል። ዝም ብላችሁ አስቀምጡትና ለሁለት ደቂቃ ዞር በሉ።

ስትዳስሱት ራሱንና አንገቱን ብቻ። ጀርባውንና ክንፉ ሥር መዳሰስ የመራቢያ ስሜቱን ይቀሰቅሳል፤ ከዚያ ቅናትና ንክሻ ይከተላል። ብዙ ሰው «ድንገት ተለወጠብኝ» የሚለው ይህን ነው።

ደረጃ 10፦ ሲታመምና ሲያመልጥ

ወፍ በሽታውን ይደብቃል። ሲታይባችሁ ብዙ ጊዜ ዘግይቷል። ላባውን ነፍቶ ቁጭ ካለ፣ ኬጁ ወለል ላይ ከተቀመጠ፣ ኩሱ ቀለሙ ወይም መጠኑ ከተለወጠ፣ ድምፁ ከጠፋ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

እስክትደርሱ፦ ሣጥኑን 29 ወይም 30 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ አሙቁ። የሰው መድኃኒት አትስጡ። ዘይት አትጨምሩበት። ጥፍሩ ወይም የላባ ዘንጉ ከደማ የበቆሎ ስታርች ነስንሳችሁ ለጥቂት ደቂቃ ተጫኑት። ድመት ከቧጨረው ወይም ከነከሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ጋር ይድረስ፤ ከድመት አፍ የሚገባው ባክቴሪያ ወፍን ይገድላል።

ስለ ራሳችሁም። ፕሲታኮሲስ ከወፍ ወደ ሰው ይተላለፋል። ትኩሳት፣ ሳልና ከባድ ራስ ምታት ከያዛችሁ ለሐኪማችሁ «ቤቴ በቀቀን አለ» በሉ። ካልነገራችሁት ላያስበው ይችላል። ኩሱን ስትጠርጉ አርጥቡት፣ ደረቁን አታቡንኑ። ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ትተወው።

ካመለጠ በዓይናችሁ ተከተሉት፣ አቅጣጫውን ያዙ። ኬጁን ከነምግቡ ውጭ አውጡ። ውኃ አትርጩበት። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወጥታችሁ ጥሩት፤ የሚመልስላችሁ ያኔ ነው። እግሩ ላይ ያለውን የቀለበት ቁጥርና ፎቶውን ለመጠለያዎችና ለሐኪሞች ላኩ። ይህ ቁጥር ከአሁኑ ስልካችሁ ውስጥ ይኑር።

ደረጃ 11፦ ጉዞና ከእናንተ በኋላ

አፍሪካዊ ግራጫ በቀቀን ከጥር 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሳይተስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠር ስምምነት) የመጀመሪያው፣ ማለትም እጅግ ጥብቅ በሆነው መደብ ውስጥ ነው። ሌሎቹም በቀቀኖች፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ በስምምነቱ ሥር ናቸው። ስለዚህ «ጠቅልዬ አገር ስገባ ይዤው እሄዳለሁ» ማለት ትኬት የመቁረጥ ጉዳይ አይደለም። ከሁለቱም አገር መንግሥታት ፈቃድ ያስፈልጋል። ለመመለስ የምታስቡ ከሆነ ይህን ሳትወስዱት በፊት አስቡበት።

ለአጭር ጉዞ ሰው አዘጋጁ። ጉዞው ከመድረሱ ወር በፊት ያ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ መጥቶ ይመግበው፣ ይመዝነው። ቡናውን የት እንደሚቆላም ጠይቁት።

በመጨረሻ አንድ ፖስታ አዘጋጁ። ውስጡ አንድ ገጽ ይኑር፦ የወፉ ስም፣ ዕድሜ፣ መደበኛ ክብደት፣ ምግቡ፣ የሐኪሙ ስልክ፣ የሚፈራው ነገር፣ የሚያውቃቸው ቃላት፣ እናንተ ባትኖሩ የሚወስደው ሰው ስም። ያንን ሰው ጠይቁት፤ ሳታሳውቁት ስሙን አትጻፉ። ለሁለት ዓመት ምግቡና ሕክምናው የሚበቃ ገንዘብ በኑዛዜያችሁ መድቡለት። የእኔ ፖስታ ማቀዝቀዣው በር ላይ ነው፣ እናቴ ቦታውን ታውቃለች። በየዓመቱ ክብደቱን አድሳለሁ። ቅጂውን ለመጠለያውም ላኩ።